አማቴ ከማታር የመጡ ዕለት

እኔ ሳፍር ጆሮዬ ነው የሚግለው። ዛሬም፣ ፀጉሬ ሸብቶ የልጅ ልጅ ካቀፍኩ በኋላ፣ ሰው መሀል አንዱ የባሮን ወንዝ ካነሳ ሁለቱም ጆሮዎቼ ቦግ ይላሉ። ሚስቴ ታየኝና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትውጣለች። ያን ቀን ያስታወስኩ ይመስላታል። አዎ፣ እሱንም አስታውሳለሁ። ግን ጆሮዬን የሚያግለው እሷ የምትስቅበት ብቻ አይደለም።

ከዓሣው ልጀምር። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዓሣ ነው።

ጋምቤላ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና ጢሜ በወጉ ሳይወጣ፣ ድሬሰር ሆኜ። ያደግኩት ደጋ ነው። እኛ ዘንድ የዓሣ ስም የሚነሳው በሁዳዴ ብቻ ነበር፤ "ይበላል" "አይበላም" እየተባለ ሰው ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ይኳረፋል፤ ዓሣውን በዓይኑ ያየ ግን ከተከራካሪዎቹ መሀል አንድም የለም። እኔም ባሮን የመጀመሪያ ቀን ሳይ ዓሣ ትዝ አላለኝም። "ይሄ ሁሉ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?" ነበር ያልኩት። ያመጣኝ ሾፌር "ሱዳን" አለኝና "አንተም ሙቀቱ ሲብስብህ አብረኸው ትወርዳለህ" ብሎ ሳቀብኝ።

ከዓሣ ጋር ያዛመደኝ ሩሲያዊ ነው። በዚያን ዘመን ግድብ ሊሠሩ የመጡ ሩሲያውያን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ፊቱ በፀሐይ የተጠበሰ ሰውዬ፣ ክንዱ ላይ ክፉ እባጭ ወጥቶበት ክሊኒካችን መጣ። እባጩን ከፍቼ፣ መግሉን አውጥቼ፣ እስኪድን ድረስ ፋሻውን ቀየርኩለት። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ሩሲያኛ አላውቅ፤ በእጅና በጥቅሻ ነበር የምንግባባው። ሲሻለው እጄን ይዞ ወደ ወንዙ ወሰደኝ።

ከኪሱ ያወጣት ነገር ማንኪያ ነበረች። እጀታ የላትም። ከናስ የተሠራች፣ ጎበጥ ያለች፣ ጭራዋ ላይ ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ የተንጠለጠለባት። ትል የለ፣ ሥጋ የለ፣ ሊጥ የለ። በሆዴ "ይሄ ሰውዬ ትኩሳቱ አለቀቀውም እንዴ?" አልኩ። እሱ ግን ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዶ ወደ ፊት ሲወረውረው ክሩ ፉጨት እያሰማ ሄደ፤ ማንኪያዋ ከወንዙ መሀል ወደቀች። ከዚያ ዘንጉ ላይ ያለችውን ማጠንጠኛ እያዞረ ይጎትታት ጀመር። ውሃው ውስጥ ስትመጣ ብልጭ ድርግም እያለች፣ እየተንገዳገደች፣ ልክ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ መሰለች። ድንገት ዘንጉ ጎበጠ። ሩሲያዊው ጮኸ። እኔም ጮህኩ፤ ለምን እንደጮህኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያወጣው ናይል ፐርች የሚሉትን ብርማ ትልቅ ዓሣ ነው፤ አሸዋው ላይ ሲጋደም ርዝመቱ የሕፃን አልጋ ያህል ነበር።

በቃ፣ ያን ቀን ጠፋሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ዓሣ ትል የሚበላው ተርቦ ነው። ማንኪያ የሚነክሰው ግን ተናዶ ነው። "ይቺ ደግሞ ማን ናት በሰፈሬ የምትንገዳገድ?" ብሎ ነው የሚመጣው። ያ ቁጣ በክሩ በኩል ወደ እጅህ፣ ከእጅህ ወደ ደረትህ ይገባል። አንዴ ከቀመስከው አለቀልህ። ሩሲያዊው ወደ አገሩ ሲመለስ ዘንጉን፣ ማጠንጠኛውንና ማንኪያዎቹን ትቶልኝ ሄደ፤ እኔም እንደ አባቴ ውርስ ተቀበልኩት።

ከተማው ሳቀብኝ። የአገሩ ሰው በጦር፣ በመረብና በመንጠቆ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል፤ በባዶ ብረት የሚያጠምድ ግን አላየም። የደጋዎቹ መሥሪያ ቤተኞች ደግሞ ይብሱ ነበር። "ባዶ ማንኪያ የሚያጎርሰው" ይሉኛል። ቅዳሜ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረብን። ለዓሣ ስል ደጋግሜ ቀረሁና ሂስ ተደረገብኝ፤ "ጓዱ በከበርቴ መዝናኛ ተጠምዷል" ተባልኩ። ተነሥቼ እጄን አጣምሬ "ጓዶች፣ ስህተቴን ተቀብያለሁ፣ አርማለሁ" አልኩ። ሲበተን ሂሱን ያቀረበው ጓድ በር ላይ ጠብቆኝ "የነገውን ዓሣ ግን እንዳትረሳኝ፣ እንግዳ አለብኝ" አለኝ።

ሚስቴን፣ ያኔ ገና ሚስቴ ሳትሆን፣ ያወቅኳት ተማሪዎቿን ልታስከትብ ይዛ ስትመጣ ነው። አስተማሪ ነበረች። ኑዌር ናት፣ ከጋምቤላ በታች ወንዙ ዳር ያለችው የማታር ልጅ፤ ከተማ ያደገችው በእናቷ ወንድም ቤት ነው። ከእኔ በአንድ ራስ ትረዝማለች። ልጆቹ መርፌ ፈርተው ሲያለቅሱ እጅጌዋን ሰብስባ "መጀመሪያ እኔን ውጋ" አለችኝ። ወጋኋት። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ከዚያ ወዲያማ እሑድ እሑድ ከጸሎት ስትመለስ ወንዝ ዳር ትመጣልኝ ጀመር። እኔ እወረውራለሁ፣ እሷ ደብተር ታርማለች። የማላወራላት የዓሣ ዓይነት አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትለኝ ነበር፤ "ከዳር ሁን፣ ውሃ ውስጥ አትግባ።" እኔም "ከተማ አጠገብ ያለው አዞ ሰው ለምዷል" እያልኩ እስቅባታለሁ። አባቷ እሷ ልጅ ሳለች እንደሞቱም ነግራኛለች። "ነፍሳቸውን ይማር" ብዬ ወደ ዘንጌ ተመለስኩ።

ልንጋባ ተስማማን። የእኔ ሰዎች ሩቅ ስለነበሩ ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት የክሊኒካችንን ኃላፊ ነው፤ ጋሼ የምንላቸው፣ ተጫዋች፣ ምላሳቸው የማይቻል ሰው። ወደ አጎቷ ሄዱልኝ። አጎቷ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ረጋ ያሉ አናጢ ናቸው። "እኔ ልጁን አልጠላሁትም" አሉ፤ "ግን የመጨረሻው ቃል የእህቴ ነው። ከማታር ትምጣና ትየው። እሷ እሺ ካለች እሺ ነው፣ እምቢ ካለች እምቢ ነው።"

ልጅቷም አስጠናችኝ። እናቷ ሲመጡ ዘልዬ ልስማቸው እንዳልሮጥ፣ ፊት ለፊት እንዳላያቸው፣ እሳቸው እያዩኝ እንዳልበላ፣ እስክጠራ ርቄ እንድቆም። ይህ ሁሉ አክብሮት ነው። አማች አማቱን ያፍራል፣ አማትም አማቿን ታፍራለች፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ "እናቴ ገላህን ማየት የለባትም። ልብስህን ሙሉ ልበስ" አለችኝ። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። አዲስ ካኪ ሱሪና እጅጌ ረጅም ሸሚዝ አሰፋሁ። በዚያ ሙቀት! ጋሼ ሲያዩኝ "ሰልፍ አለ እንዴ?" አሉኝ።

ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ባሮም ከጭቃ ቀለሙ መጥራት ጀምሯል። ይህ ወቅት ለማንኪያ እንዴት ያለ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቷ የሚመጡባት ጀልባ ወደ ማምሻው ትደርሳለች ተባለ። አጎቷ ኢታንግ ድረስ ወርደው ሊቀበሏቸው ሄደዋል። እኔ ዕረፍት ወስጄ ነበር፤ ቤት ተቀምጬ ሰዓት መጠበቅ አቃተኝ። ከዚያ ያቺ የሰይጣን ሐሳብ መጣች፤ "ለምን አንድ ትልቅ ዓሣ ይዤ አልቀበላቸውም?" አማች ባዶ እጁን ከሚቆም፣ የሕፃን አልጋ የሚያህል ዓሣ ተሸክሞ ቢቆም አይሻልም? አዲሱን ልብሴን እንደለበስኩ ዘንጌን ይዤ ከከተማው በታች ወዳለው መታጠፊያ ወረድኩ።

ያኔ የቀረችኝ አንዲት ማንኪያ ናት። ሌሎቹን ግንድና ድንጋይ ተራ በተራ ወስደዋቸዋል። የቤቴን ማንኪያዎች እጀታ እየቆረጥኩ፣ እየቀጠቀጥኩ ሞክሬ ነበር፤ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብለው ይሰምጣሉ እንጂ አይንገዳገዱም። ለእኔ የተረፈኝ ወጡን በእጄ መብላት ነው። እና ያቺን የመጨረሻዋን ወረወርኩ፤ ደግሜ ወረወርኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጥ አለች። ዓሣ አይደለም። የሰመጠ ግንድ ነው። በቀኝ ሳብኩ፣ በግራ ሳብኩ፣ ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ የለም።

ወዲያና ወዲህ አየሁ። ሰው የለም። ልብሴ አዲስ ነው፤ እርጥብ ሱሪ ለብሼ አማቴ ፊት ልቆም ነው? ከድልድዩ ወዲያ ወንዶቹ ሁሉ ራቁታቸውን ይታጠባሉ፣ ማንም ማንንም አያይም። እኔ ደገኛው ደግሞ ገና ከመጣሁ ጀምሮ "እዚህ አገር ራቁት ነውር አይደለም" የሚል ትምህርት ይዤ ነበር፤ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እርስ በርሳችን የተማርነው ትምህርት። ልጅቷ ያስጠናችኝ ወግ ከጭንቅላቴ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወጉ የሚሠራው ማምሻውን፣ ከአጎቷ ግቢ ውስጥ ብቻ መሰለኝ። ሁሉንም አወለቅኩ። ሁሉንም! አጣጥፌ ቁጥቋጦ ላይ አኖርኩና ክሩን እየተከተልኩ ገባሁ።

ውሃው ደረቴ ደረሰ። በእግሬ ግንዱን ዳሰስኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጠለቅኩ፣ በጣቶቼ አገኘኋት። ስትላቀቅልኝ የነበረኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ወደ ዳር ተመለስኩ፤ ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ "ድሬሰር! አንተ ነህ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አጎቷ ናቸው፣ ጀልባ ላይ ቆመው። ሞተሩ ከተማው አቅራቢያ ተበላሽቶባቸው ኖሮ ዳር ዳሩን በቀዘፋ ነው የመጡት፤ ኮሽታ የለ፣ ምን የለ። ሌሊት ተነሥተው ኖሮ፣ ማምሻውን ይደርሳሉ የተባሉት ገና በቀትር ደረሱ። እኔ ሞኙ፣ ደስታ ያሰከረኝ፣ ከእሳቸው ጎን ማን እንዳለ ሳላይ "አገኘኋት!" ብዬ ማንኪያዋን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

የአጎቷ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ቀስ ብለው ወደ ጎናቸው ዞሩ። እዚያ፣ ከጆንያዎቹ መሀል፣ ቀጭን ረጅም ሴትዮ ተቀምጠዋል። ሰውየው "ድሬሰር" ብለው ባይጠሩኝ እኮ አንድ የማይታወቅ ገላውን የሚታጠብ ወንድ ነበርኩ፤ ማንም ጉዳዬ አይለኝም ነበር። ስሜን ሰሙ። ማን እንደሆንኩ አወቁ። ኩታቸውን ከትከሻቸው ሳቡና ፊታቸውን ከነራሳቸው ሸፍነው ጀርባቸውን አዞሩ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! መሬት ስላልተከፈተች ውሃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ስል ማንኪያዋን በእጄ እንደያዝኳት ረሳሁ። ሦስቱም ጣቶቿ ባይሆኑ ሁለቱ፣ ከጭኔ በላይ፣ ልጠራው በማልፈልገው ቦታ ገቡ። ጩኸቴ ድልድዩ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ክሩ ደግሞ ዳር ካለው ዘንግ ጋር እንደታሰረ ነው፤ በገዛ መንጠቆዬ ተጠምጄ፣ በገዛ ክሬ ታስሬ ተቀመጥኩ። ጀልባዋስ ቶሎ ብትሄድ ምን አለ? ቀዛፊዎቹ ሳቅ አሸንፏቸው መቅዘፍ አቃታቸው። አብረው የተሳፈሩት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ያልሳቁት ጀርባቸውን ያዞሩት ሴትዮ ብቻ ናቸው።

ክሊኒክ የገባሁት በታካሚ ወገን ነው። ጋሼ በሆዴ አስተኝተውኝ መንጠቆውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አማት የሚያወጣ ግን አንተን አየሁ" አሉ። መንጠቆ እንደገባበት አይወጣም፤ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ አለችው። ወደ ፊት ገፍተው በሌላ በኩል ብቅ ሲል እሾኳን በፒንሳ ቆረጡና መለሱት። በየመሀሉ ይስቃሉ። እኔ ፊቴን ፍራሹ ውስጥ ቀብሬ አለቅሳለሁ፤ ከሕመሙ ይልቅ ከእፍረቱ።

ሲመሽ እሷ መጣች። እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። በሩ ላይ ቆማ "እናቴ አትናገርም" አለችኝ። "ከመጣች ጀምሮ ውሃ እንኳ አልጠጣችም። ወደ ማታር የሚመለስ ጀልባ ካለ ጠይቁልኝ ብላለች።" "አንቺስ?" አልኳት። "እኔ ምን? እናቴን ትቼ አላገባህም። ነግሬሃለሁ አይደል? ልብስህን ሙሉ ልበስ አላልኩህም?" አለችና ሄደች።

በማግሥቱ ጋሼ ሳቃቸውን ቤታቸው ትተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ወደ አጎቷ ሄዱ። ምን ይደረግ ብለው ጠየቁ። በወጉ አማች ገላው ለአማቱ ከታየ ፍየል ታርዶ ነው ነውሩ የሚነሳው። አጎቷ "እኛ አማኞች ነን፣ ደም አያስፈልገንም" አሉ፤ ትንሽ አሰቡና "ግን ለእህቴ ልብ ሲባል ፍየሉ ይምጣ" አሉ። ፍየሉን ራሴ እየጎተትኩ ወሰድኩ፤ በከተማው መሀል፣ እያነከስኩ። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሁሉ ሰላምታ ሰጠኝ። አንዱማ "ፍየሉን ሱሪ አታለብሰውም?" አለኝ።

ፍየሉ ታርዶ ካለቀ በኋላ ተጠራሁ። አማቴ ጎጆው ውስጥ ናቸው። እኔን ከውጭ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፤ በአንድ ጎኔ ነው የተቀመጥኩት። እሷ በሩ መሀል ቆመች፣ ልታስተረጉም። ጋሼና አጎቷ ማንጎው ሥር ሆነው ይጠብቃሉ። የይቅርታ ንግግር ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ነው ያደርኩት። የአገሩን ወግ ባለማወቄ፣ አክብሮት በማጓደሌ፣ ገላዬ በመታየቱ እያልኩ እንደ ውይይት ክበብ ግለ ሂስ ዘረገፍኩት። እሷ አጠር አድርጋ አስተረጎመች። ከውስጥ ዝግ ያለ ድምፅ መለሰ።

"እናቴ 'ስለ ገላው ለምን ያወራል?' ትላለች። 'ገላ ሁሉም ሰው አለው። ያንን ፍየሉ ጨርሶታል' ትላለች።"

ድምፁ ቀጠለ።

"'ውሃ ውስጥ የገባው ምን ሊያወጣ ነው?' ትላለች።"

"ማንኪያ" አልኩ።

እሷ ቶሎ አላስተረጎመችም። "ማንኪያ ልበላት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ታዲያ ምን ትያታለሽ?"

አለቻቸው። ጆሮዬ መጋል ጀመረ። ከዚያ ሴትዮዋ መናገር ጀመሩ፤ ሳይቸኩሉ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። ልጅቷም ተከትላ ታስተረጉማለች።

"'ባሌ መቅዘፊያ ነበር የወደቀበት' ትላለች። 'ትንሽ ቦታ ነው፣ ከዳር ብዙ አይርቅም። ተወው አልኩት። ነገ ሌላ ትጠርባለህ አልኩት። እየሳቀ ገባ። መቅዘፊያውን አገኘ፣ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ አዞው ያዘው። ልጄ ጀርባዬ ላይ ነበረች። ውሃው ተዘጋ።' እንዲህ ትላለች።" ልጅቷ እዚህ ላይ አቆመች። "'ጨርቁን ፊቴ ላይ ያደረግኩት ገላህን ፈርቼ አይደለም። አንተም እጅህን ከፍ አድርገህ ስትስቅ አየሁ። ውሃው ሲዘጋብህ ማየት አልፈለግኩም። አንዴ አይቻለሁ' ትላለች።"

እዚያች በርጩማ ላይ የተሰማኝን እፍረት እንዴት ልንገራችሁ? ራቁት መታየትማ ምን አለው! ራቁትነት የሚሸፈንበት ልብስ አለው። ያቺ ልጅ ስንት እሑድ አጠገቤ ተቀምጣለች። የዓሣ ክንፍ፣ የዓሣ ጥርስ፣ አምባዛ እንዲህ ነው፣ ቆሮሶ እንዲያ ነው እያልኩ አደንቁሬያታለሁ። አባትሽ እንዴት ሞቱ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም። ውሃ ውስጥ አትግባ ስትለኝ ሳቅኩባት። ድሬሰር ነኝ ባይ ነኝ እኮ! ለመጣ በሽተኛ ሁሉ መቼ ጀመረህ፣ የት ያምሃል እላለሁ። ዞሬ ላያት ፈለግኩ፤ መዞር ግን አልተፈቀደልኝም።

ከውስጥ ድምፁ እንደገና መጣ።

"'ሁለተኛ ለብረት ብሎ ውሃ ውስጥ አይገባም። ይህን በአፉ ይበለኝና ልጄን ይውሰድ' ትላለች። 'ካላለ ነገ ጀልባ አለ፣ ሁለታችንም እንሄዳለን' ትላለች።"

በል እንግዲህ፣ ተናገር! አንድ ቃል ነው። "አልገባም" ማለት ነው። አፌ ላይ ነበረች፣ አልወጣችም። እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ያን ግንድ ነው። ከግንዱ ወዲያ ያለውን ጥልቁን ውሃ ነው፤ ትልልቆቹ እዚያ ነው የሚውሉት። ማንኪያዬ አንዲት ናት። ደግማ ብትያዝ፣ ካልገባሁ፣ አለቀ፤ ሩሲያዊው ሄዷል፣ ሌላ ከየት አመጣለሁ? ይህን ነው ያሰብኩት። ከጀርባዬ፣ በሩ ውስጥ፣ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ቆማለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ትንፋሿ ቆመ።

"አልገባም" አልኩ በመጨረሻ።

አስተረጎመች። ሴትዮዋ አጭር ነገር ተናገሩ።

"'ለምን ቆየ?' ትላለች።"

ይህን ስትለኝ ድምፅዋ የእናቷ አልነበረም፤ ራሷ ነበረች የምትጠይቀኝ። መዋሸት እችል ነበር። ወጋችሁን አክብሬ፣ ቃሌን መዝኜ ማለት እችል ነበር። አፍሬ አፍሬ አልቆብኝ ነበር መሰለኝ፣ "ወንዙን እያሰብኩ ነበር በያት" አልኩ።

ከዚያ አስተረጎመች። ከጎጆው ውስጥ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ነገር ሰማሁ።

"'ባሌም አልገባም ብሎ ቶሎ ነበር የማለልኝ' ትላለች" አለችኝ። "'ይሄኛው ይሻላል። ይውሰድሽ' ትላለች።"

ተጋባን። ጋሼ በሠርጉ ላይ ስለ መንጠቆው አላወሩም ብል ውሸት ነው፤ ሁለቴ አወሩ። አማቴ እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን ፊት ለፊት አላዩኝም፤ ማታር ሄጄ ስጠይቃቸው ምግቤን ከግድግዳ ወዲያ ያስቀርቡልኝ ነበር፣ ከማንም አብልጠው። ቃሌንም ጠብቄያለሁ። ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ያቺ የመጨረሻዋ ማንኪያ ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ተያዘችብኝ፤ ሚስቴ አጠገቤ ነበረች። ክሩን ቆረጥኩና እጄን አራገፍኩ። "አየሽ አይደል?" ማለት አማረኝ። እሷ ደብተር ከማረም ቀና እንኳ አላለችም።

እናቷ ይቅር ብለውኝ ሞቱ። ከተማውም ስቆ ስቆ ሰለቸው። ሚስቴም በመንጠቆው ጠባሳ እስከ ዛሬ ትቀልድብኛለች። እዚያ በርጩማ ላይ ስለቆየሁባት ዝምታ ግን፣ እሷንና ውሃን ሳመዛዝን ትንፋሿን ይዛ ስለጠበቀችኝ፣ በተጣላን ጊዜ እንኳ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።